የእታለም በር ባለበት ይጠበቅ

ጥፋቱ አጭር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ጠብቁ ተብለን ጠላ ቤት ጠበቅን።

ይህን የምለው የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴያችንን ለማማት አይደለም። ምንም ነገር ጠብቀው የማያውቁ ስንት ኮሚቴዎች በየአገሩ አሉ። የእኛ ግን ጠብቋል፤ ያውም በጠመንጃ፣ ያውም ከመስቀል እስከ በልግ። የተጠበቀው ነገር ሌላ መሆኑ የጥበቃውን ጥራት አይቀንሰውም።

አስቀድሞ ስለ ሊቀመንበራችን። ጓድ ሊቀመንበር የላሊበላ ተወላጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል በስለት ስላገኟቸው ሀብተ ሥላሴ ብለው ስም አወጡላቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ ጓድ ሊቀመንበር ከሃይማኖት ጋር ያላቸውን ግንኙነት ለማቋረጥ ከስማቸው ላይ "ሥላሴ"ን ቀነሱና ጓድ ሀብተ ተባሉ። የማን ሀብት እንደሆኑ እስካሁን በጥናት ላይ ነው።

ላሊበላ ላይ ሃይማኖት የሌለው ሰው ሆኖ መኖር ቀላል ሥራ አይደለም። ጓድ ሊቀመንበር ከቤታቸው ተነሥተው ቢሮ እስኪደርሱ በቀኝም በግራም ቤተ ክርስቲያን ስለሚገጥማቸው፣ ላለመሳለም ሲሉ አገጫቸውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው ይሄዱ ነበር። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ቁልቁል ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። እዚህ አገር ሽቅብ እያየ የሚሄድ ሰው መጨረሻው ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ወድቀው ካህናቱ ደግፈው አውጥተዋቸዋል። እሳቸውም ሲወጡ፣ ጉድጓዱን የቆፈሩት አድኃሪያን መሆናቸውን በስብሰባ አስታውቀዋል።

መልእክቱ የመጣው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በመስቀል ማግስት፣ በሬዲዮ ነው። የቢሯችን ሬዲዮ ከአንድ መልእክት ግማሹን ይናገራል፣ ግማሹን ያፏጫል። ጓድ ሊቀመንበር ጆሯቸውን ደቅነው ተቀመጡ፤ እኔና አባ ወልደ ሰንበት ከኋላቸው ቆምን። አባ ወልደ ሰንበት የቤተ መድኃኔ ዓለም አገልጋይ መነኩሴ ናቸው፤ ኮሚቴው ውስጥ የገቡት ካህናቱን ወክለው ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሬ የተመደብሁ ጸሐፊ ነኝ፤ ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው።

ሬዲዮው አፏጨ፣ አፏጨና እንዲህ አለ፦

"...ዓለም ቅርስ ሆኗል... አንድም ነገር ሳይነካ ባለበት ይጠበቅ! በጥብቅ ይጠበቅ! አበቃሁ።"

"የማን ቅርስ ነው ያለው?" አሉ ጓድ ሊቀመንበር።

"የመድኃኔ ዓለም ነዋ!" አሉ አባ ወልደ ሰንበት፣ ፊታቸው በርቶ። "ተመስገን! የጣራውን ነገር ሰምተውልን ነው። ክረምቱን ሙሉ እኮ ውሃው ቅድስቱ ድረስ እየወረደ..."

"አባ፣ የበላይ አካል 'መድኃኔ' አይልም።"

"ምነው? ምን ይከለክለዋል?"

"የሃይማኖት ቃል ነው። ብሎም ከሆነ አምልጦት ነው፤ ማረም የእኛ ፈንታ ነው። 'መድኃኔ' ሲቀነስ ምን ይቀራል?"

ከራሳቸው ስም ላይ ሥላሴን የቀነሱ ሰው ስለሆኑ በመቀነስ ልምድ ነበራቸው።

"'ዓለም' ይቀራል" አልኩ እኔ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ። "'የዓለም ቅርስ' ነው ያሉት፣ ጓድ ሊቀመንበር። የመላው ዓለም ሕዝብ ሀብት ማለት ነው። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት..."

"ጓዲት" አሉ፣ የተማረ ሰው ሲያዩ በሚያዝኑት አስተዛዘን፤ "መላው ዓለም ውስጥ እኮ ኢምፔሪያሊስቶችም አሉ። አብዮታዊው መንግሥት የጭቁኑን ሕዝብ ድንጋይ ለኢምፔሪያሊስት ያወርሳል ነው የምትይው?"

ይህ መልስ ያለው ጥያቄ አልነበረም። በዚያ ዘመን መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ጥቂት ነበሩ፤ እነሱንም ሌላ ሰው ሲመልሳቸው መስማት ይሻል ነበር።

"ስለዚህ ዓለም የሰው ስም ነው" ሲሉ ደመደሙ። "ቀበሌያችን ውስጥ ዓለም የሚባል ማነው?"

ደጃፉ ላይ ቆሞ የነበረው ሚሊሺያው ምስጋኑ፣ ስብሰባ መጠበቅ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀውን በመጠየቁ ደስ ብሎት፣ "እታለም!" ብሎ ጮኸ።

እታለም የሚላት ሰፈሩ ነው እንጂ ስሟ እውነትም ዓለም ነው። ከቤተ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል ወረድ ብሎ ባለው ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቷ ጠላ ትሸጣለች። ጠላዋ ቀጠን ያለ ነው፤ ምላሷ ግን ወፍራም። የቤቷ በር አርጅቶ በክረምቱ ተገንድሶ ስለወደቀ፣ ሙጃ ከተማ የወይራ በር አሠርታ ያመጣችው በዚያው ዕለት ነበር። ኮሚቴው ሲደርስ አናጢው አባስ በሩን ከደጃፉ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ላቡን ይጠርጋል። እታለም ቆማ ታዛለች። በደጃፉ ውስጥ ዶሮዋ ቅርጫት ላይ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች።

"ባለህበት ቁም!" አሉ ጓድ ሊቀመንበር።

አባስ ቆመ። መዶሻው ወደቀ።

"መዶሻው እንዳይነሣ! ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ይህ ቤት፣ በውስጡና በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ ባለበት ይጠበቃል!"

"ምን አጠፋሁ?" አለች እታለም።

"አላጠፋሽም። ቅርስ ነሽ።"

"ቅርስ? እኔ ምን ቅርስ አለኝ? የነበረችኝን ጥሪት ለዚሁ በር አፈሰስኳት።"

"በሩ ምን ላይ ተገኘ?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ ጓድ ሊቀመንበር።

"ግድግዳ ላይ ተደግፎ" አልኩ።

"እንግዲያው ተደግፎ ይጠበቃል።"

"አንተ የወለተ ሩፋኤል ልጅ!" አለች እታለም። "በር እኮ የሚሠራው ሊገጠም ነው!"

"ጓድ በይኝ።"

"ጓድ የወለተ ሩፋኤል ልጅ! ብርዱ መጣ። ደጃፌ እንዲህ አፉን ከፍቶ እንዴት ልደር? ጅብ ቢገባስ?"

"መመሪያው ስለ ጅብ ዝም ብሏል።"

"ጅቡስ መመሪያውን ሰምቷል?"

አባስ ነገሩን ረጋ ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። "ወላሂ፣ ጓድ፣ ጸሐይ ሳታዘቀዝቅ ገጥሜው እሄዳለሁ። ለኔ እፍኝ ሥራ ናት።"

"አንተ ራስህ እዚህ የተገኘኸው እንዴት ሆነህ ነው? ቆመህ?" አሉት ጓድ ሊቀመንበር።

አባስ እሱም ቆሞ ሊጠበቅ እንደሆነ ሲገባው፣ መዶሻውን ለቅርስነት ትቶ፣ አህያውን እየጎተተ ቁልቁለቱን ወረደ።

ጥበቃው በዚህ ዓይነት ተጀመረ። ምስጋኑ ጠመንጃውን ይዞ በበሩና በደጃፉ መካከል ተተከለ። በመካከላቸው አንድ ክንድ እንኳ የማይሞላ ርቀት ስለነበረ፣ አንዱ ትከሻው በሩን፣ ሌላው ደጃፉን ይነካ ነበር። ቅዳሜ ለገበያ ከብልባላ የሚመጡ ሰዎች አህዮቻቸውን አቁመው ይጠይቁታል።

"ምን ትጠብቃለህ፣ አያ ምስጋኑ?"

"በሩን።"

"ሌባ እንዳይወስደው?"

"ኧረ ባለቤቱ እንዳትገጥመው።"

ጅቡ በኅዳር መጣ። በተከፈተው ደጃፍ ገብቶ የእታለምን ፍየል ይዞባት ወጣ። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ፤ ምስጋኑ ለምን እንዳልተኮሰ ተጠየቀ።

"እኔ የምጠብቀው በሩን ነው" አለ። "ጅቡ በሩን አልነካም።"

መልሱ እንከን አልነበረውም። ጓድ ሊቀመንበር አመሰገኑት። ጅቡም በንቃት ደረጃው ከአንዳንድ የቀበሌው ነዋሪዎች እንደሚሻል ጠቀስ አደረጉ።

የዶሮዋ ጉዳይ ግን ያን ያህል ቀላል አልሆነም። ቅርስ ሆና የታቀፈች ዶሮ ጊዜዋን ጠብቃ ፈለፈለች። ጓድ ሊቀመንበር ቅርጫቱን ጎንበስ ብለው ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እንቁላሎቹን ማን ሰበራቸው?"

"ጫጩቶቹ" አለች እታለም።

"ከውስጥ?"

"ከውስጥ።"

"የውስጥ ቦርቧሪ!" አሉ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ሳል ሳልኩ። ስንወያይ ውለን ቅርሱ ጠፋ ሳይሆን ተራባ ተባለ፤ ጫጩቶቹም እንደ ነባር ቅርስ እንዲታዩ ተወሰነ። ውሳኔውን ያልተቀበለው ጭልፊቱ ብቻ ነው።

እታለም ግን ከቀን ወደ ቀን ከሳች። ሌሊት ሌሊት ፎቁ ላይ ወጥታ፣ መሰላሉን ወደ ላይ ስባ፣ ብርዱ ከታች እንደ ውሃ እየሞላ ሲመጣባት ታድራለች። ጠላዋም አልሸጥ አላት፤ ጋኖቹ ባሉበት መጠበቅ ስላለባቸው ቀድታ ልታጎድላቸው አይፈቀድላትም። ምስጋኑ ብቻ ተረኛ በሆነ ቁጥር ጠላው ባለበት መኖሩን በዋንጫ ያረጋግጣል። በየሳምንቱ ቢሮ ትመጣለች፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች።

"በሬን ልግጠም።"

"ጉዳይሽ ተይዟል።"

"ጉዳዬማ ተይዟል። በሬን ልቀቁልኝ።"

አንድ ቀን አባ ወልደ ሰንበት አገኟትና ሊያጽናኗት ፈለጉ። "አይዞሽ ልጄ" አሏት፣ ቢሮው በር ላይ። "ዓለም እኮ ኃላፊ ናት።"

ጓድ ሊቀመንበር ከውስጥ ብድግ አሉ። "ማን ሾማት? ኃላፊው እኔ ነኝ!"

"እኔ እኮ ዓለም አላፊ፣ ጠፊ ናት ነው የምለው" አሉ አባ።

"እሱስ ይሁን፤ መጥፋቷ ግን በቅድሚያ ለኮሚቴው ይታወቅ!"

አባ ወልደ ሰንበት የራሳቸው ጭንቅ ነበረባቸው። የመድኃኔ ዓለም ጣራ ማፍሰሱን አልተወም፤ አቤት ባሉ ቁጥር "ቤተ ክርስቲያኑ መመሪያው ውስጥ የለም" ይባላሉ። በመጨረሻ ቆባቸውን አስተካክለው እታለም ዘንድ ሄዱ።

"ዓለምን ንቄ የመነንኩ ሰው፣ ይኸው በስተርጅና ዓለምን ደጅ ልጠና መጣሁ" አሏት። "ቤተ ክርስቲያኑም የኔው ነው በይልን። የዓለም ከተባለ ይጠብቁልናል።"

እታለም ነጠላዋን አጣፋች። "አባቴ፣ ቤተ ክርስቲያንዎ በር አለው?"

"እንዴታ! የጥንት በር ነው።"

"ይዘጋል?"

"ይዘጋል።"

"በሉ እንግዲህ ከኔ ይራቁ። ተከፍቶ ሳለ ከደረሱበት ተከፍቶ ይቀራል፤ ተዘግቶ ከደረሱበትም እርስዎ ውጭ ይቀራሉ።"

አባ አሰቡበት። "ጣራው ያፍስስ" ብለው ተመለሱ።

በልጉ ሲገባ መልእክቱን በሬዲዮ የላኩልን ጓድ ሙሉሃብት ራሳቸው ለጉብኝት መጡ። ላንድሮቨራቸውን ኩልመስክ ላይ ጭቃ ስለያዘባቸው፣ የቀረውን መንገድ በበቅሎ መጥተው ሲወርዱ እግራቸው አልገጥም ብሎ በሩ እንደተከፈተ ቤት ነበሩ። ጓድ ሊቀመንበር በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ቶሎ ቶሎ አሳለፏቸው።

"እነዚህን አይዩአቸው፣ ጓድ፤ ጉድጓዶች ናቸው። እኔም ተቸግሬባቸዋለሁ።"

"ቆይ እስቲ፣ ይሄ እኮ..."

"ቅርሱ ወደ ታች ነው።"

እታለም ቤት ደረስን። ምስጋኑ ሰላምታ ሰጠ። አባስ ያን ዕለት ለገበያ መጥቶ፣ መዶሻውን የሚወስድበት ቀን ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ ከግንቡ ሥር ተቀምጧል። ጓድ ሙሉሃብት ቤቱን አዩ፤ የተደገፈውን በር አዩ፤ ጫጩቶቹን አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የዓለም ቅርስ።"

"የማን?"

"የዓለም" አሉ ጓድ ሊቀመንበር፣ ጣታቸውን ወደ እታለም ቀስረው። "ዓለም እሷ ናት።"

ጓድ ሙሉሃብት ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። "እኔ ያልኩት እኮ የዓለም ነው።"

"እኛም የጠበቅነው የዓለም ነው።"

"የዓለም! የሰው ልጅ ሁሉ! አብያተ ክርስቲያናቱን ነው ያልኩት!"

እኔ ቃለ ጉባኤዬን ገልጬ ቀኑን መጻፍ ጀመርኩ። እንዲህ ዓይነቱን ጽሕፈት ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩም።

"እሰይ!" አለች እታለም፣ እጇን አጨብጭባ። "ስህተት ነው አሉ! አባስ፣ ና ተነሣ! በሬን ግጠምልኝ!"

"ቆይ!" አሉ ጓድ ሙሉሃብት። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "እኔ 'የዓለም ቅርስ በሚሊሺያ ጥብቅ ጥበቃ ሥር ውሏል' ብዬ ለበላይ አካል አስታውቄያለሁ። የበላይ አካልም ለራሱ የበላይ አካል አስታውቋል። ምስጋና መጥቷል። ምስጋና የተሰጠበት ነገር ደግሞ ስህተት ሊሆን አይችልም።"

"ፈጽሞ" አሉ ጓድ ሊቀመንበር፣ ነፍሳቸው ሲመለስ።

"ስለዚህ ይህ ቤት የዓለም ቅርስ እንደሆነ ይቀጥላል።"

"አብያተ ክርስቲያናቱስ?" አልኩ፤ አላስቻለኝም።

ጓድ ሙሉሃብት ሽቅብ ወደ መድኃኔ ዓለም አየት አደረጉ። "እነሱ የቅርሱ አካባቢ ይባላሉ።"

"በሬስ?" አለች እታለም። "እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?"

"ቅርስ የዘለዓለም ነው" አሉ ጓድ ሙሉሃብት።

"ለዓለመ ዓለም..." አሉ አባ ወልደ ሰንበት በሐዘን፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ጓድ ሊቀመንበር ደነገጡ። "ሌላም ዓለም አለች እንዴ?"

መልስ ከመሰጠቱ በፊት በረዶው መጣ። የላስታን የበልግ በረዶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማንንም በወንበሩ አይለየውም። አባ ወልደ ሰንበት ገበቴ ይዘው ወደሚያፈስሰው ጣራቸው ሮጡ፤ ኮሚቴው ከነእንግዳው ወደ እታለም ቤት ገባ። እግረ መንገዳችንን የቅርሱን ቀጣይነት የምናጸድቅበት ስብሰባ ተከፈተ። ጓድ ሙሉሃብት ንግግር ጀመሩ።

"ጓዶች! የተፈጥሮን ዛቻ በቁጥጥራችን ሥር አውለን..."

በተከፈተው ደጃፍ ነፋሱ በረዶውን እፍኝ እፍኝ እየዘገነ ወረወረባቸው። አንዱ አፋቸው ውስጥ ገባ።

"ኧረ ይህን በር ዝጉት!" አሉ፣ በረዶውን ተፍተው።

"በር የለውም" አለች እታለም፣ ከምሰሶው ጥግ። "ቅርስ ነው።"

ጓድ ሙሉሃብት ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ወደ ጓድ ሊቀመንበር ዞሩ። ጓድ ሊቀመንበር ወደ መመሪያው ዞሩ፤ ማለትም ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። "ለስብሰባው ጊዜ ብቻ፣ በሩ በጊዜያዊነት ይገጠም" አሉ። "አናጢ!"

አባስ በረዶ እያራገፈ ደጃፉ ላይ ደረሰ፤ ከመስቀል ጀምሮ ወድቆ የቆየውን መዶሻውን እንደ ዘመድ አነሣው። እውነትም ለእሱ እፍኝ ሥራ ነበረች። ምስጋኑ ወራት ሲለያያቸው የከረመውን በርና ደጃፍ ሲገናኙ ለማየት ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ አገዘው። አባስ በመጨረሻ መወርወሪያውን አንሥቶ የበሩን ውስጠኛ ገጽ ሊለካ ሲጠጋ፣

"ተው!" ብለው ጮኹ ጓድ ሊቀመንበር። "ከውስጥ አንድም ነገር አይነካ! የውስጡ ቅርስ ነው!"

"ታዲያ መወርወሪያውን የት ላድርገው፣ ጓድ? መወርወሪያ እኮ ከውስጥ ነው።"

"ከውጭ አድርገው!"

"ከውጭ?"

"መመሪያ ነው!"

አባስ እታለምን አያት። እታለም አባስን አየችው። "ጓድ ያለውን አድርግ" አለች፤ ያን ሁሉ ወራት እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

መወርወሪያው ከውጭ ተገጠመ። አባስ ሒሳቡን እንደጨረሰ ሰው መዶሻውን በብብቱ ይዞ ወጣ፤ ምስጋኑም የሚጠብቀው በር ከነበረበት ስለተነሣ ጥበቃው ማብቃቱን ለራሱ አስታውቆ ተከተለው። ጓድ ሙሉሃብት ንግግራቸውን ካቋረጡበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

እታለም ጎንበስ ብላ ዶሮዋን ከነተረፉት ጫጩቶቿ በቅርጫቱ አነሣች፤ በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። ጓድ ሊቀመንበር ቅርስ ሲንቀሳቀስ አይተው አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን የበላይ አካል እየተናገረ ስለነበረ መልሰው ገጠሙት። ለበሩ የሚቀርበው ሰው እኔ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ ይደርስ ነበር። መመሪያው ግን አንድም ነገር እንዳይነካ ይላል።

እታለም ደጃፉ ላይ ደርሳ ዞረች።

"ጓድ የወለተ ሩፋኤል ልጅ" አለች።

"ምን ፈለግሽ?"

"ባላችሁበት ተጠበቁ።"

ወጣች፤ በሩን ዘጋች፤ መወርወሪያውንም እንደ መመሪያው ከውጭ ወረወረችው።